የመውጫው በር፦ የዌስተን ቤትና የአዲስ አበባ አክሲዮን

ከዌስተን ማዶ፣ በሀምበር ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ሬይሞር የሚባል መናፈሻ አለ። ዛሬ ሣርና ዛፍ ብቻ የሚታይበት ይህ ቦታ እስከ እ.ኤ.አ. 1954 ድረስ መኖሪያ ቤቶች የተደረደሩበት መንገድ ነበር። በዚያ ዓመት ኦክቶበር 15 ሌሊት፣ ሄዘል የተባለው አውሎ ነፋስ ያወረደው ዝናብ ወንዙን ሞልቶ 14 ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ጠርጎ ወሰደ፤ 35 ሰዎች ሞቱ። ዌስተን ራሱ ከመቶ ዓመት ቀደም ብሎ በ1850 በደረሰ ጎርፍ ተመትቶ ወደ ምሥራቁ ከፍታ የተሻገረ መንደር ስለሆነ፣ ወንዙ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አካባቢው አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም። ቦታው ርካሽ ነበር፤ ሰው ገዛው።

ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን ከጎርፉ በኋላ የሆነው ነው። የኦንታሪዮ ባለሥልጣናት የወንዙን ግራና ቀኝ ለቤት መሥሪያነት ዘጉ። በ1957 የተቋቋመው የተፋሰስ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም መሬቱን እየገዛ፣ መሸጥ ያልፈለገውንም በሕግ እያስለቀቀ መናፈሻ አደረገው። መንግሥት የሰው ይዞታ ወሰደ፤ ዋጋውን ግን ከፈለ። በዌስተን ጎዳና ዳር ካሉት ፎቆች ቁልቁል የሚታየው አረንጓዴ ሸለቆ በአብዛኛው የዚያ ውሳኔ ውጤት ነው።

ከሄዘል ሃያ አንድ ዓመት ያህል በኋላ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ሌላ መንግሥት ሌላ ዓይነት ውሳኔ አሳለፈ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ለቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ፈቀደ። ሌላው “ትርፍ” ተብሎ ተወረሰ፤ ለመሬቱም ካሣ እንደማይከፈል አዋጁ በግልጽ ደነገገ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ፤ የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም እንደ መጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ተከራዩ በዚያን ዕለት እንደተደሰተ መካድ አይገባም። ጥቂት መሳፍንትና መኳንንት የከተማውን መሬት አብዛኛውን ይዘውት ስለነበር አዋጁ ፍትሐዊ ምክንያት አልነበረውም ማለትም አይቻልም። ነገር ግን የተወረሰው የመሳፍንቱ ቤት ብቻ አልነበረም። የጡረታ ዋስትናዬ ብሎ ሁለት ሦስት የጭቃ ክፍል ሠርቶ ያከራየ ጸሐፊ፣ መምህር፣ ጠጅ ሻጭ ሴት ጭምር በአንድ ሚዛን ተለክተው ነበር። የቀረችው አንዷ ቤትም ብትሆን ቦታዋ የመንግሥት ሆነ። ባለቤቱ በቤቱ መኖር ይችላል፤ የቤቱ ዋጋ ዋና ክፍል የሆነውን መሬት ግን ሊሸጥ አይችልም።

ይህ ልዩነት የዚህ ጽሑፍ ማጠንጠኛ ነው። ስለ መዋዕለ ንዋይ ሲወራ ሁልጊዜ የሚጠየቀው “ስንት ገባ?” የሚለው ነው፤ “በምን መንገድ ይወጣል?” የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በዌስተንም በአዲስ አበባም ባለፉት ሰባ ዓመታት ጥቂት ጥሪት ይዞ ወደ ገበያ የገባን ሰው ዕጣ የወሰነው፣ ቤት ወይም አክሲዮን መምረጡ ሳይሆን፣ የያዘውን ንብረት በፈለገ ጊዜ፣ በገበያ ዋጋ፣ ለማንም ሸጦ የመውጣት መብት የነበረው መሆን አለመሆኑ ነው።

አክሲዮን ለኢትዮጵያ ባዕድ ነገር አልነበረም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ ካፒታሉ 500 ሺሕ ፓውንድ ተብሎ አክሲዮኑ በአዲስ አበባና በውጭ ከተሞች ለሽያጭ ቀርቧል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ለአክሲዮን ማኅበራት ሕጋዊ መሠረት ከጣለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በብሔራዊ ባንክ አማካይነት የአክሲዮን መገበያያ ቡድን ተቋቋመ። ገበያው ቀጭን ነበር፤ ባለ አክሲዮኖቹም ጥቂት ባለሥልጣናት፣ የውጭ አገር ነጋዴዎችና ደመወዝተኞች ነበሩ። ቢሆንም ፋብሪካ ውስጥ ድርሻ ያለው ሰው ገዢ ፍለጋ ቤት ለቤት ሳይዞር ወረቀቱን ወደ ብር የሚመልስበት መስኮት ተከፍቶ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ዋና ዋና ፋብሪካዎች ሲወረሱ መስኮቱም ተዘጋ፤ ተመልሶ ለመከፈትም ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀበት። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚለው ብሂል ለብዙ ቤተሰብ የገንዘብ ምክር የሆነው በዚያ ዓመት ነው።

የሚገርመው፣ በዚያው በ1975 የኦንታሪዮ ምክር ቤትም ስለ ኪራይ ሕግ አወጣ። የዋጋ ንረት ተከራዩን ባስጨነቀበት ወቅት የወጣው ይህ ሕግ የኪራይ ጭማሪን በዓመት 8 በመቶ ገደበ። ሁለቱን ሕጎች እኩል ማየት ስሕተት ይሆናል፤ አንደኛው ንብረቱን ወረሰ፣ ሌላኛው ገቢውን ገደበ። የኦንታሪዮው ባለ ሕንፃ ኪራዩ ቢገደብበትም ሕንፃውን ለሌላ መሸጥ ይችል ነበር። ይሁን እንጂ ውጤቱ በዌስተን መልክዓ ምድር ላይ እስከ ዛሬ ይነበባል። በዌስተን ጎዳና፣ በሸለቆው አፋፍ ላይ የቆሙት ትልልቅ የኪራይ ፎቆች በአብዛኛው የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ሥራ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ እንደ እነርሱ ያለ ሕንፃ መሥራት ለአሥርት ዓመታት ተዳከመ ማለት ይቻላል። ጥፋቱ የኪራይ ሕጉ ብቻ አይደለም። በ1972 የተለወጠው የፌዴራል ግብር ሕግና የኋላው የወለድ መናርም ድርሻ አላቸው። የኪራይ ሕንፃ ሠሪው ሲያፈገፍግ ቦታውን የወሰደው ኮንዶሚኒየም ነው። በአንድ ኩባንያ እጅ የነበረው አከራይነት ለብዙ ሺሕ ግለሰቦች ተበታተነ፤ አንዲት ክፍል ገዝቶ የሚያከራይ ነርስ፣ መሐንዲስ ወይም ሾፌር የከተማዋ የቤት ፖሊሲ ተሸካሚ ሆነ።

የደርግን ዘመን ሸሽተው በሱዳን፣ በኬንያና በጂቡቲ በኩል ያለፉ ኢትዮጵያውያን ቶሮንቶ መድረስ የጀመሩት በ1980ዎቹ ነው። ከነበሩበት አገር ይዘው የመጡት አንድ የተወሰነ የገንዘብ እምነት ነበር፦ ወረቀት ይቀደዳል፣ ባንክ ይወረሳል፣ በስም የተመዘገበ ቤት ግን ይኖራል። በአገር ቤት ቤቱም እንደተወረሰ እያወቁ ይህን ማመናቸው ተቃርኖ ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም። በአዲስ አበባ የከዳቸው ቤቱ ሳይሆን ሕጉ መሆኑን ተረድተው ነበር፤ ካናዳ ደግሞ ሕጉ የማይከዳበት አገር መሰላቸው። በዚህ ረገድ ግምታቸው ትክክል ነበር። ያልገመቱት የወለድን ጉልበት ነው።

በ1985 የቶሮንቶ አካባቢ አማካይ የቤት ዋጋ 109 ሺሕ ዶላር ያህል ነበር። በኦክቶበር 19 ቀን 1987 የዓለም የአክሲዮን ገበያዎች ሲወድቁ የቶሮንቶውም በአንድ ቀን ከ11 በመቶ በላይ አጣ፤ ከአክሲዮን የሸሸው ገንዘብም ወደ ቤት ፈሰሰ። በ1989 አማካይ ዋጋው 273,698 ዶላር ደረሰ። ከዚያ የካናዳ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት ወለድ ወደ 14 በመቶ ሰቀለ፤ ሥራ አጥነት ተከተለ፤ በ1996 አማካይ ዋጋው 198,150 ዶላር ሆነ።

እነዚህን ቁጥሮች በአንድ ገዢ ላይ ማስላት ይጠቅማል። በ1989 በአማካይ ዋጋ ቤት ገዝቶ አራተኛውን እጅ፣ ማለትም 68 ሺሕ ዶላር ገደማ፣ ከኪሱ የከፈለ ሰው ዕዳው 205 ሺሕ ይሆናል። ከሰባት ዓመት በኋላ ቤቱ ከመጀመሪያው ዕዳ በ7 ሺሕ ያህል ያነሰ ያወጣል። ዋጋው የወደቀው በ28 በመቶ ነው፤ ከኪሱ የወጣው ቅድሚያ ክፍያ ግን መቶ በመቶ ጠፍቷል። ሥራውን ሳያጣ ወርሃዊ ክፍያውን የቻለ ሰው ቤቱ ውስጥ ቆየ፤ በ2002 አማካይ ዋጋው ወደ 275 ሺሕ ሲመለስ “ምንም አልጠፋም” አለ። ሆኖም በእነዚያ 13 ዓመታት የኑሮ ውድነት በሦስተኛ እጅ ያህል ጨምሮ ነበር። ንረቱ ተቀንሶ ሲታይ የ1989ኙ ዋጋ ዳግም የተደረሰበት በ2010 አካባቢ ነው፤ ሃያ ዓመት ማለት ነው። ሥራውን ያጣው ሰው ደግሞ በዚያ ዝቅተኛ ዋጋ ለመሸጥ ተገደደ። መውጫው ክፍት ነበር፤ በኪሳራ ብቻ የሚያሳልፍ ነበር እንጂ።

ዌስተን በዚህ ጊዜ የራሱ ሸክም ነበረበት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ ብስክሌትና የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ሲያመርት የኖረው የሲሲኤም ፋብሪካ በ1983 ተዘጋ፤ በአጎራባቹ ማውንት ዴኒስ የነበረው የኮዳክ ግቢም በ2005 ተከተለው። በፋብሪካ ደመወዝ የተገዙ የሠራተኛ ቤቶች ርካሽ ሆነው ቀሩ፤ አዲስ መጤውን የሳበውም ይኸው ርካሽነት ነው።

አክሲዮንን ለመጠርጠር ደግሞ ካናዳ የራሷን ምክንያት ሰጠች። ዋና መሥሪያ ቤቱ ከዌስተን በስተሰሜን ምዕራብ በብራምፕተን የነበረው ኖርቴል በ2000 ከቶሮንቶ የአክሲዮን መለኪያ ከሦስተኛ እጅ በላይ የሚመዝን ኩባንያ ነበር። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 124 ዶላር ነክቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ከአንድ ዶላር በታች ወረደ፤ በጃንዋሪ 2009 ኩባንያው የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ቤት እንዲህ አይጠፋም የሚለው ክርክር ከዚህ በኋላ ማሸነፉ አያስደንቅም። በተጨማሪም ከ1972 ጀምሮ በካናዳ ከዋና መኖሪያ ቤት ሽያጭ የሚገኝ ትርፍ ግብር አይከፈልበትም። መንግሥት ራሱ ሰውን ወደ ቤት የሚገፋ ሕግ ካወጣ፣ የስደተኛውን የቤት ፍቅር በባህል ብቻ ማስረዳት የግብር ሕጉን መርሳት ነው።

ቤትም አክሲዮንም ያልሆነ፣ ግን ለምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች ከሁለቱም ይበልጥ ቅርብ የነበረ ሌላ ንብረት አለ፤ የታክሲ ሰሌዳ። የቶሮንቶ መደበኛ ሰሌዳ የሚሸጥ፣ የሚከራይ፣ ለልጅ የሚተላለፍ ነበር፤ በ2012 ገደማ ከ300 ሺሕ ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከተማዋ “አምባሳደር” የተባለ ሁለተኛ ዓይነት ፈቃድ ሰጠች፤ ይህ ግን አይሸጥም፣ አይከራይም፣ ባለፈቃዱ ራሱ ብቻ ይነዳበታል። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ የመጡትን ጨምሮ ብዙ አዳዲስ ስደተኞች የያዙት ይህን ሁለተኛውን ነው። ያው መኪና፣ ያው መንገድ፣ ያው ተሳፋሪ፤ ልዩነቱ የመሸጥ መብት ብቻ ነበር፤ የዚያ መብት ዋጋም በገበያ 300 ሺሕ ዶላር ተገመተ። በ2014 ዩበር ኤክስ ሲገባ፣ በ2016ም ከተማዋ በሕግ ስትቀበለው የመደበኛው ሰሌዳ ዋጋ ወደቀ። ቀድሞ የሸጠ ተጠቀመ፤ በጡረታ ሸጠዋለሁ ያለው ከሰረ። አምባሳደሩ ደግሞ የሚከስረው የሰሌዳ ዋጋ እንኳ አልነበረውም።

የዌስተን ዋጋ የተነሣው ከ2015 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ጁን ወር ከመሀል ከተማ ወደ ፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደው ባቡር ሥራ ሲጀምር ዌስተን ላይ ማቆሚያ አገኘ። መጀመሪያ ላይ 27 ዶላር ከ50 ሳንቲም የነበረው የሙሉ ጉዞ ዋጋ ባቡሩን ባዶ ስላደረገው በ2016 ወደ 12 ዶላር ወረደ፤ ከዚያ በኋላ የዌስተን ሰው በዚህ ባቡር በቅናሽ ዋጋ መሀል ከተማ በደቂቃዎች መግባት ቻለ። ማውንት ዴኒስ ላይ የሚያበቃው የኤግሊንተን ባቡር በ2011 ቁፋሮው ተጀምሮ በ2020 ይደርሳል ተብሎ ነበር። ቀኑ በተደጋጋሚ ተራዘመ፤ የአካባቢው ቤት ዋጋ ግን ባቡሩ የደረሰ ያህል ወጣ።

በኖቬምበር 2018 የኦንታሪዮ መንግሥት ከዚያ ወር አጋማሽ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዙ ቤቶችን ከኪራይ ጭማሪ ገደብ ነፃ አደረገ። የ1975ቱ ሐሳብ ለአዲሱ ሕንፃ ተሻረ ማለት ነው። ውጤቱ በ2023 በዌስተን ታየ። በኪንግ ጎዳና 33 ቁጥርና በጆን ጎዳና 22 ቁጥር ያሉ ሕንፃዎች ተከራዮች የኪራይ አድማ መቱ፤ የመጀመሪያዎቹ ከገደብ በላይ በልዩ ፈቃድ የተጠየቀ ጭማሪን፣ የሁለተኛዎቹ ገደብ የሌለበትን ጭማሪ ተቃውመው። እዚህ ላይ በብዙዎች ልብ የማይባል ነገር አለ። እንዲህ ያሉ ሕንፃዎች ባለቤቶች ብዙ ጊዜ አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች ወይም የጡረታ ፈንዶች ናቸው። በጡረታ ሒሳቡ በኩል ከኪራዩ ጭማሪ የሚጠቀመውና ጭማሪውን የሚከፍለው ሰው አንድ ሊሆን ይችላል።

በኮንዶሚኒየም የገቡት ግለሰቦች ዕጣ ከዚህ ይለያል። በ2020 በቶሮንቶ አካባቢ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች ከሦስተኛ እጅ በላይ የሚሆኑት ለመዋዕለ ንዋይ የተያዙ ነበሩ። ብዙዎቹ የተገዙት ገና ሳይሠሩ፣ በውል ብቻ፣ ሕንፃው ከማለቁ በፊት ውሉን ለሌላ በትርፍ ለማስተላለፍ በማሰብ ነው። በፌብሩዋሪ 2022 አማካይ የቤት ዋጋ 1.33 ሚሊዮን ዶላር ሲደርስ ይህ ስሌት ሠራ። በቀጣዩ ወር የካናዳ ባንክ ከ0.25 በመቶ የጀመረው ወለድ በጁላይ 2023 5 በመቶ ሲደርስ ግን የውል ገዢ ጠፋ። ሕንፃው ሲያልቅ ባንክ ቤቱን ከውሉ ዋጋ በታች ይገምታል፤ ልዩነቱን ገዢው በጥሬ ገንዘብ መሙላት አለበት፤ ካልቻለ ቅድሚያ ክፍያውን ያጣል፣ ሊከሰስም ይችላል። በ2024 የአዲስ ኮንዶሚኒየም ሽያጭ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያልታየ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ወረደ። የ1989ኙ ገዢ ቢያንስ የሚኖርበት ቤት ነበረው። የውል ገዢው የያዘው ሌላ ሰው መጥቶ እንደሚያስወጣው ያለውን ግምት ነው።

ካናዳ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ወደ አገር ቤት ገንዘብ መላኩን አላቋረጠም። ከ1986 ዓ.ም. የባንክ አዋጅ በኋላ አዋሽን ተከትለው የተመሠረቱት የግል ባንኮች አክሲዮናቸውን ለሕዝብ ሲሸጡ በውጭ ያለውም ገዛ። የሚከፈለው የትርፍ ድርሻ ጠቀም ያለ ነበር፤ የሚሸጥበት ገበያ ግን አልነበረም። ሻጭ ገዢውን ራሱ ፈልጎ፣ ተደራድሮ፣ በባንኩ መዝገብ ስም ያዛውራል። በዚህ በኩል ዕቁብ ከአክሲዮን ማኅበር ይሻል ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ዕጣውን ለቸገረው አባል መሸጥ ይችላል፣ ዋጋውም እዚያው በዳኛውና በጸሐፊው ፊት ይታወቃል።

ሕጉ የውጭ ዜጋ በባንክ ድርሻ እንዳይኖረው ሲከለክል ዜግነት የቀየሩትንም ይመለከት ነበር፤ ለዓመታት ግን በዝምታ ታለፈ። በ2009 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን አክሲዮናቸውን እንዲለቁ አዘዘ። አክሲዮኖቹ በጨረታ ተሸጡ፤ ባለቤቶቹ የተመለሰላቸው በአክሲዮኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ ብቻ ሲሆን በላዩ የተገኘው የመንግሥት ገቢ ሆነ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ9 ብር ተኩል ገደማ ሲመነዘር 1,000 ብር ያወጣ ሰው 105 ዶላር ያህል አውጥቷል፤ ያው 1,000 ብር ሲመለስለት ዋጋው ከ45 ዶላር አይበልጥም ነበር። የባንኩ ሕንፃ፣ ቅርንጫፍና ተቀማጭ በእነዚያ ዓመታት ስንት እጥፍ እንዳደገ ሲታሰብ፣ ይህ ውርስ አልነበረም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ሽያጭ ነበር ማለት ግን ይከብዳል። በ2011 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ ትውልደ ኢትዮጵያውያን እንደገና እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። የተመለሰው ሰው በ2009ኙ ትዝታ ቢያመነታ ዳተኛ ሊባል አይገባም።

አሁን መስኮቱ እንደገና ተከፍቷል። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ብርም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲተመን ተደርጓል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ57 ብር ከ100 ብር በላይ ዘለለ።

በዚሁ ወቅት ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ። ግዢው ለኢትዮጵያ ዜጎች ብቻ ስለነበር የካናዳ ፓስፖርት የያዘው ከደጅ ቀረ። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ነው፤ ገዢዎቹ 47,377፣ የተሰበሰበው 3.2 ቢሊዮን ብር። ብዙዎች ይህን የፍላጎት ማነስ አድርገው ተረጎሙት። ሌላ ንባብም አለ፦ ለእያንዳንዱ ገዢ የሚደርሰው በአማካይ ከ225 አክሲዮን በላይ ወይም 68 ሺሕ ብር ያህል ነው፤ ይህም በአገሪቱ ደመወዝ ሲለካ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ገንዘብ ያለው ሰው ነበር፤ አክሲዮኑን መቼና ለማን መሸጥ እንደሚችል ግን ሽያጩ ሲካሄድ የሚያሳይ ምንም የገበያ ታሪክ አልነበረም። የአዲሱ ገበያ መለኪያ የሚሆነውም በምርቃቱ ቀን የተደወለው ደወል ወይም የተመዝጋቢ ባንኮች ብዛት ሳይሆን፣ ዝቅተኛውን 33 አክሲዮን የገዛ አንድ መምህር በቸገረው ሰኞ ለመሸጥ ቢያዝ ገንዘቡ በስንት ቀን፣ በምን ያህል ቅናሽ እጁ እንደሚገባ ነው። በውጭ ላለው ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨመራል፤ ያ ብር ወደ መጣበት ዶላር ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ።